ከቴሌግራም የወረደ ቪዲዮ ችሎት ፊት ይቆማል ወይ?

የመክፈቻው ጥያቄ

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የተከፈተ ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና የተከታታይ መልሶቹ፣ ማጠቃለያ ነው። ክሩን የከፈተችው በአንድ የሰብዓዊ መብት ማኅበር ውስጥ በበጎ ፈቃድ የምትሠራ የሕግ ባለሙያ ናት። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከሦስት ዓመት በላይ የተጠራቀሙ 400 ያህል ቪዲዮዎችና ፎቶዎች እጇ ገብተዋል። ግድያ፣ የተቃጠለ ቤት፣ የፊጥኝ የታሰሩ ሰዎች ይታዩባቸዋል። የአንዳንዱ ላኪ ይታወቃል፤ አብዛኛው ግን ከቻናል ወደ ቻናል ፎርዋርድ እየተደረገ የመጣ ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ሥራ ላይ ሲውል፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ዐቃቤ ሕግ ሲጠይቅ ለማስረከብ አስባ፣ ሁሉንም በስክሪንሾት አትማ ከምስክሮች ቃል ጋር ልታያይዝ ተዘጋጅታለች። ይበቃል ወይ ብላ ጠየቀች። በዚህ ብትወሰን ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። ግን መጨረሻ ላይ አንድ አቋም ጨመረች፦ ቪዲዮው ራሱ ስለሚናገር ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም አለች። ክሩን ያጋለው ይህ ነው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታ አስቀድሞ፣ እህቴ ብሎ፣ ልፋቷን አመስግኖ ነው የጀመረው። ስክሪንሾት የስልኩ መስታወት ላይ የታየውን ብቻ እንደሚይዝ፣ ፋይሉን ራሱን፣ የፖስቱን ሊንክና ሊንኩ መጨረሻ ላይ ያለውን የፖስት ቁጥር እንደማይዝ አስረዳ። የቻናል መጠሪያ በፈለጉት ሰዓት ይቀየራል፤ ከጀርባው ያለው መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም፤ ስለዚህ ሁለቱም ይመዝገቡ ይላል። የፖስት ቁጥር በተርታ ስለሚሄድ ከ812 ቀጥሎ 815 ከመጣ መሀል ላይ የተሰረዘ ነገር ሊኖር ይችላል። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቴሌግራም ታሪኩን በሙሉ የሚያወጣበት ምርጫ አለው፦ አንዱ በሰው የሚነበብ ገጽ፣ ሌላው ጄሰን የሚባለው ለማሽን የሚመች ፋይል። ሁለቱንም አውጪ አላት፤ ትክክለኛው ሰዓት በቁጥር ተቆጥሮ የሚገኘው ጄሰኑ ውስጥ ነውና። የፋይል መጠን ገደቡን ከፍ ማድረግ እንዳትረሳም አሳሰበ፤ ገደቡ ካልተነካ ትልልቆቹ ቪዲዮዎች ሳይወርዱ ይታለፋሉ፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ቻናሉ ከተዘጋ በኋላ ነው።

መልስ 2 እና 3

ሁለተኛው በመጀመሪያው ተስማምቶ ሃሽ ጨመረ። እያንዳንዱ ፋይል እንደወረደ፣ ሳይከፈት፣ ሻ-256 በሚባለው ስሌት 64 ፊደልና አኃዝ ያለው አሻራ ይወጣለታል፤ ዊንዶውስ ላይ ለዚህ የተለየ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም፣ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ አብሮት ይመጣል። ኤምዲ-5 የሚባለው አሮጌ ስሌት ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ዓይነት አሻራ እንዲኖራቸው ተደርጎ ሊጭበረበር ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። እስከዚህ ልክ ነበር። ከዚያ ሃሽ ያለው ቪዲዮ እውነተኛነቱ ተረጋገጠ ማለት ነው ብሎ ደመደመ።

ሦስተኛው በጨዋ ቃል አረመው። ሃሽ የሚመሰክረው ፋይሉ ከተመዘገበበት ደቂቃ ወዲህ አለመነካቱን ብቻ ነው፤ ልክ በሰም እንደታሸገ ፖስታ፣ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ውሸት ቢሆንም ማኅተሙ ማኅተም ነው። የውሸት ቪዲዮም ሃሽ ይወጣለታል። ሌላም አለ ይላል፦ ከቴሌግራም የወረደው ፋይል ካሜራው የቀረጸው ፋይል አይደለም። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ ውስጡ ያለውን የቀን፣ የስልክ ዓይነትና የቦታ መረጃ ይጥለዋል። ዋትሳፕም እንደዚያው። መረጃው እንዳለ የሚደርሰው እንደ ፋይል ወይም እንደ ዶክመንት ሲላክ ነው። ዋትሳፕ በፋይሉ ስም ላይ የሚያስቀምጠው ቀንም ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ያ ቀን ስልኩ ፋይሉን የተቀበለበት እንጂ የተቀረጸበት አይደለም። ሙዚቃና የቻናል አርማ ተለጥፎበት የተሠራጨ ቪዲዮ ደግሞ ድምፁ ሞቷል፤ የተኩሱን ድምፅ ከጥይቱ ፉጨት ለይቶ ርቀት የሚገምት ባለሙያ የሚሠራበት ነገር አጣ ማለት ነው።

መልስ 4

እዚህ ላይ ነው ቃሉ የጠነከረው። ይህ መላሽ ወደ መክፈቻው ተመልሶ፣ ቪዲዮ ራሱ ይናገራል የሚለው አነጋገር ተጎጂን የሚጎዳ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። የካሜሩንን ጉዳይ አነሣ። በፈረንጅ 2018 ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሠራጭ፣ መንግሥት የውሸት ዜና ነው አለ፣ ቦታውም ካሜሩን አይደለም ተባለ። ቪዲዮው እየተናገረ ሰሚ አላገኘም። የቢቢሲ አፍሪካ የምርመራ ቡድን ከበስተጀርባ የሚታየውን የተራራ ጫፍ ከሳተላይት የመሬት ቅርጽ ጋር አስተያይቶ ቦታው ናይጄሪያ ድንበር አጠገብ ያለችው ዘለቨት መሆኗን አሳየ። በአካባቢው ያሉት ሕንፃዎች መቼ ተሠርተው መቼ እንደፈረሱ ከተለያየ ጊዜ የሳተላይት ምስሎች ተለየ፤ የሚራመደውን ወታደር ጥላ ለክተው ጊዜውን በመጋቢት 20 እና በሚያዝያ 5 ቀን 2015 መካከል አጠበቡት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። በ2020 የያውንዴ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በአራት ወታደሮች ላይ አሥር አሥር ዓመት ፈረደባቸው። የመላሹ ነጥብ ይህ ነው፦ የተናገረው ተራራው፣ ግድግዳውና ጥላው ነው፤ ያንን ደግሞ የሚያናግረው ሰው ያስፈልጋል።

መልስ 5

ጥላውን ተከትሎ የመጣው አምስተኛው ሰው ጥላን የማንበብ ልማድ የዳበረው በአውሮፓ ሰማይ ሥር እንደሆነ፣ እኛ ጋ ሳይመረመር ከተወሰደ እንደሚያሳስት ጻፈ። ብዙ መመሪያ በሰሜናዊው የምድር ክፍል የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላል። አዲስ አበባ ላይ ግን በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 5 ገደማ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ ፀሐይዋ ከአናት በስተሰሜን ስለምታልፍ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። መቀሌ ላይ ይኸው ጊዜ ያጥራል፤ ከሚያዝያ 20 ገደማ እስከ ነሐሴ 10 ገደማ ነው። ይህን ያላወቀ መርማሪ የቪዲዮውን አቅጣጫ ገልብጦ፣ ቦታውን ከተራራው ማዶ ሊያስቀምጥ ይችላል። በተጨማሪ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ አናት የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን በአማካይ 6፡25 ላይ ነው፤ በኅዳር መግቢያ ወደ 6፡09 ትቀርባለች፣ በየካቲት 6፡39 ገደማ ትሆናለች። የሰዓት ክልላችን የተሰላው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ነው። ሰንካልክ የተባለው ድረ ገጽ ቦታና ቀን ከተሰጠው ይህን ራሱ ያሰላል፤ ጥላው የቆመ ነገር ቁመት ያህል ከረዘመ ፀሐይዋ 45 ዲግሪ ላይ ናት ማለት ነው። ሜዳው ዳገት ከሆነ ግን ልኬቱ ይዋሻል፣ ስለዚህ ጥላው የወደቀበት መሬት ለጥ ያለ መሆኑ ቀድሞ ይታይ።

መልስ 6 እና 7

በእኔ ግምት የክሩ ምሰሶ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስድስተኛው ስለ ሰዓት ነው። አንድ ምስክር ድርጊቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ተፈጸመ ይላል። ተርጓሚው 2 ሰዓት ብሎ እንዳለ ያስተላልፈዋል። ውጭ አገር ያለው መርማሪ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ይጽፈዋል። ቪዲዮው ውስጥ ያለው መረጃ ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት 04፡40 ይላል። ሦስት የማይገናኙ ሰዓቶች በአንድ መዝገብ ላይ ተቀመጡ፣ ተከላካይ ጠበቃ ምስክሩ ዋሽቷል ለማለት ሌላ አያስፈልገውም። ቢሰላ ግን 04፡40 ላይ 3 ሲደመር በፈረንጅ 7፡40፣ ከዚያ ላይ 6 ሲቀነስ በእኛ ከጠዋቱ 1፡40 ነው፤ ምስክሩ እውነቱን ነው የተናገረው። አቋራጩም ይኸው፦ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 መቀነስ። ቴሌግራም በተራ ገጽታው የሚያሳየው ሰዓት ደግሞ የተመልካቹን ኮምፒውተር ተከትሎ ስለሆነ፣ ዋሽንግተን ላይ የተነሣ ስክሪንሾትና አዲስ አበባ ላይ የተነሣ ስክሪንሾት ለአንድ ፖስት ሁለት ሰዓት ያሳያሉ። ስለዚህ የምስክሩ ቃል ራሱ እንደተናገረው በአማርኛ ይጻፍ፣ የተቀየረው ሰዓት በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፣ ማን እንደቀየረውም ይመዝገብ።

ሰባተኛው ይህን አጽድቆ ሁለት ወጥመድ ጨመረ። አንደኛው አጥቢያ ነው። ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚል ምስክር ማክሰኞ ማታ ተኝቶ ሊነጋ ሲል የሆነውን ነው የሚናገረው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ረቡዕ 2፡00 ነው። ማክሰኞ ሌሊት ያለው ምስክርም ይህንኑ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ማወቂያው ቀጥሎ የነበረው ቀን ምን ቀን እንደነበር፣ ገበያ ወይም በዓል ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ያለው ዓመት፣ ልደት ታኅሣሥ 28 የሚውልበት፣ እስከ የካቲት ማገባደጃ ድረስ የቀን መቀየሪያ ሰንጠረዡ በአንድ ቀን ይንሸራተታል። 2012 እና 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ከመስከረም እስከ የካቲት የተፈጸመ ድርጊት በተለመደው ሰንጠረዥ ከተቀየረ አንድ ቀን ይሳሳታል። የሳተላይት ምስሉ ከድርጊቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ክርክር በዚህ አንድ ቀን ላይ ሊቆም ይችላል።

መልስ 8 እስከ 10

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ወጣ አለ። አንዱ የዘመነ ዮሐንስን ስሌት ከባሕረ ሐሳብ ጋር አያይዞ ረዘም ያለ ማብራሪያ ጻፈ፤ ለብቻው ክር ይገባው ነበር። ሌላው ወደ ጉዳዩ ለመመለስ ብሎ የስም ፍለጋን አነሣ፣ ይህ እጅግ ጠቃሚ ሆነ። ኃይሉ እና ሀይሉ፣ ፀጋዬ እና ጸጋዬ፣ ዓለም እና አለም ለኮምፒውተር የተለያዩ ስሞች ናቸው። የሟቾችን ዝርዝር ከሦስት ምንጭ የሚያዋህድ ሰው ይህን ካላስተካከለ አንድ ሟች ሦስት ጊዜ ይቆጠራል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ መያዝ ነው፦ በአንዱ ስሙ ምንጩ ላይ እንደተጻፈ፣ በሌላው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተጠቃለው። ውጭ አገር የተሠሩ ፕሮግራሞች ስምና የቤተሰብ ስም ብለው ለሁለት ስለሚከፍሉ የአባትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርገው ወንድማማቾችን ከማይዛመዱ ሰዎች ጋር ያደባልቃሉ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚሉ ሦስት ሳጥኖች ይከፈቱ። አሥረኛው የድሮ ሰነዶችን አስታወሰ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፊደሉ ከሌለ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሰው ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል፣ ወይም ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ ለውጦ በላዩ ላይ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ ሃሽ፣ ከዚያ ቅጂ፣ ቅጂው ላይ ልወጣ።

መልስ 11 እና 12

አሥራ አንደኛው ከ400ዎቹ ቪዲዮዎች የየትኛው ወገን ግፍ እንደሚበዛ ጠየቀ፤ አነጋገሩ ጥያቄ አልነበረም። አድሚኑ ቶሎ ደርሶ በዚህ ክር ላይ የወገን ቆጠራ እንደማይፈቀድ አስታወቀ። ልክ አድርጓል። አንድ ወገን ብቻ የሰነደ ስብስብ ችሎት ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላውን ለምን ተወው ተብሎ ነውና፣ ለተጎጂዎችም የሚጠቅመው ሁሉን መመዝገብ ነው።

መልስ 13 እና 14

አሥራ ሦስተኛው ማኅበራዊ ሚዲያ ችሎት ላይ እንደሚቆም ማስረጃ ብሎ የሊቢያውን አዛዥ የአል ወርፈሊን ጉዳይ ጠቀሰ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በነሐሴ 2017 በፈረንጅ፣ 33 ሰዎች የተገደሉባቸውን ሰባት ድርጊቶች በሚያሳዩ ቪዲዮዎች ላይ በዋናነት ተመሥርቶ የመያዣ ትእዛዝ አወጣበት፤ ስለዚህ ነገሩ አልቋል አለ።

አሥራ አራተኛው አላለፈውም። እርስዎ ሲል የቆየው ሰው እዚህ ላይ አንተ ማለት ጀመረ። የመያዣ ትእዛዝ የሚወጣው ለማመን የሚያበቃ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ጥፋተኛ የሚባለው ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ሲረጋገጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት የዘለለ ሰው ማኅበራትን ገደል እየመራ ነው ሲል ጻፈ። ሰውየው በመጋቢት 2021 ቤንጋዚ ላይ ስለተገደለ እነዚያ ቪዲዮዎች በተከላካይ ጠበቃ ጥያቄ አንድም ቀን አልተፈተኑም። የተፈተነ ጉዳይ ከተፈለገ ብሎ ሁለት አቀረበ። ስዊድን ውስጥ በ2017 አንድ የሶርያ አማፂ ሰባት የተማረኩ ወታደሮችን በመግደል የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ተከሳሹ ሟቾቹ በአማፂያኑ ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸዋል ብሎ ተከራክሮ ነበር። ወታደሮቹ ስለ ተማረኩበት ውጊያ የወጡት ቪዲዮዎች የተጫኑበት ጊዜ ግን ከምርኮው እስከ ግድያው ሁለት ቀን እንኳ እንዳልሞላ አሳየ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍርድ የሚባል ነገር ሊካሄድ አይችልም። ግድያውን የሚያሳየው ቪዲዮ ብቻውን ይህን ክርክር አይመልስም ነበር። ሌላው ኮንጎ ቡካቩ ነው፤ በ2018 ወታደራዊው ፍርድ ቤት ሁለት የሚሊሺያ አዛዦችን ሲፈርድ ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል አይዊትነስ በተባለው የስልክ መተግበሪያ የተነሡ ፎቶዎች ነበሩ። ያ መተግበሪያ ሲቀርጽ ቦታና ሰዓትን ስልኩ ላይ በእጅ ከተሞላው ሰዓት ውጭ ይመዘግባል፣ ፋይሉን አሽጎ በቀጥታ ወደ ማኅደሩ ይልካል።

መልስ 15

ጡረታ የወጡ ዐቃቤ ሕግ መሆናቸውን ሌሎች የሚያውቋቸው ተሳታፊ እዚህ ገቡ፤ ድምፃቸው ሁሉንም አቀዘቀዘ። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመውን የሮም ስምምነት ስላላጸደቀች ይህ ሄግ ያለው ፍርድ ቤት በቀላሉ የሚመጣ ተስፋ እንዳልሆነ፣ ማስረጃው የሚሄደው ወደ አገር ውስጥ ችሎት ወይም ወደ ሌላ አገር ብሔራዊ ፍርድ ቤት እንደሆነ አስረዱ። ምሳሌያቸው የደርግ ጊዜ ነው። የኔዘርላንድስ ዜግነት ያገኘ የቀድሞ የደርግ ባለሥልጣን በጎጃም በተፈጸመው ግፍ በታኅሣሥ 2017 በፈረንጅ ሄግ በሚገኘው የራሷ የኔዘርላንድስ የአውራጃ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ድርጊቱ ከተፈጸመ 39 ዓመት አልፎት ነበር። ክሱን ያቆመው ስሙና ፊርማው ያለበት ወረቀት ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያገለግለው ከየት እንደወጣ ሲታወቅ ነው። ለ400ዎቹ ቪዲዮዎች ይህ ጥያቄ ይቀርባል ይላሉ፦ ከማን እጅ፣ መቼ፣ በምን፣ ወደ ማን። ይህን የሚይዝ ገጹ በቁጥር የታተመ ደብተር ይበቃል፤ ሰርዞ መጻፍ ቢያስፈልግ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ የታችኛው እንዲነበብ ሆኖ፣ ይፈረምበት።

ስለ ሕጉም ጨመሩ። የተጠቃለለ የማስረጃ ሕግ የለንም፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጣ ቪዲዮ በስልክ አይታሰብም ነበር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነትና ትክክለኛነት ድንጋጌዎች አሉት፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ዕውቅና ይሰጣል። ግን አንዱ ለኮምፒውተር ወንጀል፣ ሌላው ለግብይት የተጻፉ ናቸው። የሽግግር ፍትሕን የሚመለከት ዝርዝር ሕግ ሲረቀቅ ሲቪል ማኅበራት አጥብቀው መጠየቅ ያለባቸው አንድ አንቀጽ ከሕዝብ ምንጭ የተሰበሰበ ዲጂታል ማስረጃ በምን ሁኔታ እንደሚቀርብ የሚደነግግ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አትርሱ ብለዋል፤ የተጎጂ ብሔር፣ ጤና፣ የደረሰባት ጥቃት ያለበት ፋይል በፍላሽ እየዞረ ሊቀመጥ አይገባም።

መልስ 16

ይህኛው በጠያቂዋ ላይ ጨከነ፤ አግባብም ነበረው። የምስክሮችን ቃል ከቪዲዮ ጋር አያይዛለሁ ያለችውን አንሥቶ፣ ምስክሮቹን ማን፣ ስንት ጊዜ ጠየቃቸው አለ። በፈረንጅ 2022 የአውሮፓ ኅብረት የወንጀል ፍትሕ ትብብር ተቋም የሆነው ዩሮጀስትና የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በጋራ ያወጡት መመሪያ ሲቪል ማኅበራት ዝርዝር የምስክር ቃል ከመቀበል እንዲቆጠቡ ይመክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አራት ድርጅት አራት ጊዜ የጠየቃት ሴት አራት ትንሽ የሚለያዩ ቃሎች ይኖሯታል፣ ልዩነቱን ተከላካይ ጠበቃ ዘርግቶ ያነበዋል፣ እሷም ቁስሏ አራት ጊዜ ይከፈታል። ቪዲዮውን አሳይቶ ይህ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሷ ያየችውንና ያሳዩዋትን መለየት አይቻልም። ማኅበሩ ሊይዝ የሚገባው ማን ምን ሊናገር እንደሚችል፣ የት እንደምትገኝ፣ ለማን እንዲተላለፍ እንደፈቀደች ብቻ ነው። ፈቃዷም ለየተቀባዩ ለየብቻ ይጠየቃል።

መልስ 17 እና 18

አንዱ የተቃጠሉ መንደሮችን በሳተላይት ማረጋገጥን አቀረበ። የናሳ የእሳት ካርታ ቀይ ነጥብ ካሳየ በቂ ነው የሚለውን ልማድ ሌላው ወዲያው ከለከለ። አንዷ ነጥብ 375 ሜትር በ375 ሜትር፣ ወደ 14 ሄክታር የሚሆን ቦታ ናት፤ ቤት ይሁን የተቃጠለ አገዳ አትለይም። በምዕራብ ቆላ በበጋ ወራት እርሻና ሣር ስለሚቃጠል ካርታው በየዓመቱ ቀይ ይለብሳል። ስለዚህ ያለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ወር አብሮ መታየት አለበት። ሴንቲነል ሁለት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስል በየአምስት ቀኑ በነጻ ይገኛል፤ ግን አንዷ ነጥቡ 10 ሜትር ስለሆነች 6 በ8 የሆነ ቤት ከአንዷ ነጥብ ያንሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ብርሃን ስለሚመልስ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ሣር ክዳን ግን ከግቢው ጋር ተመሳስሎ ይቀራል። በክረምት ደግሞ ደመናው አያሳይም። ስለዚህ የሣር ቤት ያለው ድሃ መንደር በምስል መዝገብ ላይ ከቆርቆሮው መንደር ያነሰ የተጎዳ ይመስላል። ይህን አንባቢ ቆም ብሎ ያስብበት፤ በመረጃው ውስጥ ያለ አድልዎ ነው፣ ሪፖርት ላይም ሊጻፍ ይገባዋል።

መልስ 19

ስለ ደኅንነት የመጣው መልስ አጭር ነው። ማስረጃ የሚሰበስብ ሰው የሚጠመደው በማስረጃ ነው። ሲቲዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም በፈረንጅ 2017 ባወጣው ጥናት ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን የቪዲዮ ሊንክ እየተላከላቸው፣ ለማየት አዶቤ ፍላሽ ያድሱ ተብለው የስለላ ፕሮግራም ሊጫንባቸው እንደተሞከረ ሰንዷል። ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ኮምፒውተሩ ተሰልሎ ቢከስስም፣ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ አላየውም አለ። ስለዚህ ከማይታወቅ ሰው የመጣ ፋይል የሚከፈተው ከኢንተርኔት ተነቅሎ፣ የምስክሮች ዝርዝር በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ። ዲስኩ በቬራክሪፕት፣ ማለትም ፋይልን በይለፍ ቃል በሚቆልፈው ፕሮግራም፣ ከታሸገ የይለፍ ቃሉ ለሁለት ሰው ተከፍሎ በወረቀት ይቀመጥ፤ የጠፋ የይለፍ ቃል ከተሰረዘ ዲስክ አይለይም።

መልስ 20

ጠያቂዋ ተመለሰች። አልተከላከለችም፤ ቪዲዮው ራሱ ይናገራል ያለችውን ትታ፣ ለ14ኛውና ለ16ኛው በተለይ አመስግና፣ ሥራውን ከየት እንደምትጀምር ጠየቀች። ላኪዎቻቸው የሚታወቁትን ለይታለች። ከመካከላቸው አንዱ የቀረጸበት ስልክ አሁንም እንዳለው፣ ግን መስታወቱ ተሰብሮ ሞባይል ጥገና ቤት እንደሚገኝ ነግሯታል።

መልስ 21

ይህኛው ሌላውን ሁሉ ትቶ ወደ ስልኩ ነው የሄደው። አሁኑኑ ደውዪለት አላት። ጠጋኙ መስታወቱን ብቻ ይቀይር፣ ፍላሽ እንዳያደርገው፣ ሶፍትዌር እንዳይጭንበት፣ ሪሴት የሚል ነገር እንዳይነካ ይነገረው። በአሁኖቹ ስልኮች ሪሴት የመቆለፊያውን ቁልፍ ስለሚያጠፋ ከዚያ በኋላ ምንም ባለሙያ ፋይሉን አያወጣውም። ስልኩ ሲመለስ ጋለሪውን ከፍቶ ቪዲዮውን አይቁረጥ፣ በቴሌግራምም አይላክላት። በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ፣ እዚያው ሃሽ ይውጣለት፣ ስልኩ ላይ ያለው ሰዓትና ትክክለኛው ሰዓት ጎን ለጎን በሌላ ካሜራ ፎቶ ይነሣ፤ የስልኩ ሰዓት 7 ደቂቃ ወደ ኋላ ከቀረ ያ 7 ደቂቃ ደብተሩ ላይ ይገባል። ስልኩ ራሱ ከባለቤቱ ጋር ይቆይ፣ እንዳይሸጠው ይለመን። ቻርጀር ከሌለው ማኅበሩ ይግዛለት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠያቂዋ ከሥር አንድ መስመር ጨምራለች፦ ደውላለች፣ ስልኩ ገና አልተነካም።